ጂፒኤስ የያዘ ሰው ምን ሲል መንገድ ይጠይቃል?

የድሮ መንገደኛ ያሳዝናል። እረኛ ባገኘ ቁጥር ቆሞ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ የከብቱንና የዝናቡን ነገር ጠያይቆ ሲያበቃ ነበር «የወንዙ መሻገሪያ በየት በኩል ነው?» ለማለት የሚደፍረው። ተመስገን፣ ይህ ሁሉ ልምምጥ ቀርቷል። የዛሬው የቅዳሜ ተራራ ወጪ ደረቱ ላይ ጂፒኤስ አንጠልጥሎ፣ እጁ ላይ ስልኩን ይዞ፣ እረኛውን ፎቶ አንስቶት ያልፋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት አባቶች ጥምጥሙ ራሱ ተምሮ ከፋብሪካ የሚወጣበት ዘመን እንደሚመጣ ከየት ይወቁት?

በመጀመሪያ ዝግጅቱ ይመስገን፤ የለምና። ካርታ አስቀድሞ ማውረድ ልበ ሙሉ ላልሆነ ሰው ነው። ጀግናችን ቦሌ ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲከፍት የስሜን ተራሮች ቁልጭ ብለው ይታዩታል። ደባርቅም ኔትወርክ አለ። ስለዚህ ወደ ላይም ይኖራል ማለት ነው። ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ካርታው ባዶ ግራጫ ይሆንና ሰማያዊዋ ነጥብ ብቻዋን መሀል ላይ ጉብ ትላለች። የት እንዳለ በትክክል ታውቃለች፤ ያለበት አገር ግን የለም። ጥበቡ የሚገለጠው ይሄኔ ነው። «ኔትወርክ ስለሌለ ጂፒኤሱ አይሠራም» ብሎ ስልኩን ያጠፋዋል። ጂፒኤስ ከሳተላይት እንጂ ከቴሌ ማማ እንደማይመጣ፣ ሳተላይቶቹም 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ሲም ካርድ ሳይጠይቁ ሲግናል እንደሚልኩለት፣ ኔትወርክ የሚያመጣው የካርታውን ሥዕል ብቻ እንደሆነ ሊያስረዳው የሚሞክር ምቀኛ ነው።

ምቀኛ ደግሞ ምክር አያጣም። ኦስማንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባል የካርታ አፕ ጫን፣ የኢትዮጵያን ፋይል ማታ በዋይፋይ አውርድ፣ ከዚያ እቤትህ ሳለህ ኤሮፕሌን ሞድ አድርገህ የምትሄድበትን ቦታ አጉልተህ እይ፣ የእግር መንገዶቹ መታየታቸውን አረጋግጥ ይላል። ጉግል ማፕ ላይ ያወረድከው ካርታ ያለ ኔትወርክ የመኪና እንጂ የእግር አቅጣጫ አይሰጥህም ይላል። ኤሮፕሌን ሞድ በአብዛኛው የዛሬ ስልክ ጂፒኤሱን አያጠፋም፣ የሌለ ኔትወርክ ሲያስስ የሚያልቀውን ባትሪ ግን ያድንልሃል ይላል። ፋይሉ ሌሊት ከወረደ የቀረው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጀግና ግን አምስት ደቂቃውን አዲሱን ጫማውን ፎቶ ለማንሳት ይፈልጋታል።

የእጅ ጂፒኤስ ያለው ከዚህም ይልቃል። መሣሪያው ዘመድ ሜሪላንድ ላይ ሞክሮ የላከው ጋርሚን ነው፤ ስለዚህ ጎንደር ላይ ሲበራ ራሱን ገና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ይመስለዋል። ሰማዩን እንደ አዲስ መማር አለበት። የአንዱን ሳተላይት ትክክለኛ ምሕዋር ለመቀበል 30 ሴኮንድ ያህል፣ የሁሉንም አጠቃላይ ዝርዝር ለመጨረስ ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ ቦታውንና ከፍታውን ለማስላት ቢያንስ አራት ሳተላይት መያዝ ይኖርበታል። ወጪው ሰማይ በሚታይበት ሜዳ ላይ ቆሞ መጠበቅ ብቻ ነው። ጀግናችን መጠበቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ሚኒባስ ውስጥ ያበራዋል፣ ቦርሳው ውስጥ ከምሳ ዕቃው ሥር ይቀብረዋል፣ መናገሻ ሱባ ሲሆን ደግሞ ዝናብ ያራሰው የጽድ ጫካ ውስጥ ከገባ በኋላ አውጥቶ ይነቀንቀዋል። መነቅነቁ ሲግናል ያመጣ እንደሆነ እስካሁን የመሰከረ የለም፤ እምነት ግን ምስክር አይፈልግም።

የባትሪ ድንጋዩን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ኢትሬክስ 22ኤክስ የሚባለው ጋርሚን ሁለት ደብል ኤ ድንጋይ በልቶ 25 ሰዓት እንደሚሠራ አምራቹ ይናገራል። አምራቹ ይህን ሲል ከመንገድ ዳር ሱቅ የተገዛውን ርካሽ ድንጋይ አላሰበም፤ ስሜን ላይ ግጭ ካምፕ በ3,600 ሜትር ከፍታ ከውርጭ ጋር የሚታደርበትን ሌሊትም አላሰበም። ሊቲየም ድንጋይ ብርድ ይችላል። እሱ ከታጣ ድንጋዩን አውጥቶ የመኝታ ከረጢት ውስጥ አቅፎ ማደር ይቻላል። ሴቲንግ ገብተው የድንጋዩን ዓይነት ካልመረጡለት ደግሞ የባትሪው ምልክት ይዋሻል፤ ሁለት መስመር አሳይቶ ድንገት ጥቁር ይሆናል። ጀግናችን ይህን አያውቅም። ጠዋት «ዕቃው ፌክ ነው» ብሎ ዘመዱን ያማል።

ካርታና ጂፒኤስ አጣምሮ የያዘውማ የቁንጮዎቹ ቁንጮ ነው። የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ኤጀንሲ ያሳተማቸው የቆዩት ባለ 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የቦታ ቁጥር በሚቆጠርበት የምድር ልኬት መነሻ) ነው። ጂፒኤሱ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚናገረው ግን በሌላ ዳተም፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱ ስለ አንድ ድንጋይ ሲመሰክሩ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ካርታው ላይ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ናት፤ ምን አላት? ሜዳ ላይ ቢሆን የጎረቤት ጤፍ ውስጥ መግባት ነው፣ በይቅርታ ያልቃል። ስሜን ውስጥ እሜት ጎጎ ገደል ጫፍ ላይ ግን የ200 ሜትሯን ነገር የሚያውቃት ጭላዳ ዝንጀሮ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ሴቲንግ ውስጥ «ፖዚሽን ፎርማት» ገብቶ ፎርማቱን ዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚቆጥረው)፣ ዳተሙን አዲንዳን ማድረግ ነው። ከዚያ ካርታው ላይ ያለ ድልድይ ወይም የመንገድ መገናኛ ላይ ቆሞ ቁጥሩን ማመሳከር። የስልክ ካርታ ለሚጠቀም ጓደኛ ቁጥር ሲሰጡ ደግሞ ወደ ደብሊው ጂ ኤስ 84 መመለስ። የዩቲኤም ዞኑንም ማየት ነው፤ አብዛኛው የአገራችን ክፍል ዞን 37 ቢሆንም ጋምቤላ 36፣ ጅግጅጋ 38 ውስጥ ናቸው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ተራራ ላይ አይፎክርም። ስለዚህ አለማወቁ ለፉከራው የግድ አስፈላጊ ነበር ማለት ነው።

የቁጥር አነባበቡም ቅኔ ነው። መስቀል አደባባይ በኬንትሮስ 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ አካባቢ ይገኛል። ጀግናችን ይህን «38.45» ብሎ ያስገባል። ደቂቃው ከ60 የሚቆጠር ስለሆነ ትክክለኛው 38.75 ነበር፤ እሱ ግን አደባባዩን ያለ ካሳ አንስቶ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ ሆለታ አካባቢ ያሰፍረዋል። መሣሪያው ሦስት ዓይነት አጻጻፍ እንዲያውቅ መደረጉ (በዲግሪ ነጥብ፣ በዲግሪና ደቂቃ፣ በዲግሪ፣ ደቂቃና ሴኮንድ) ለሰው ምቾት ነበር። «እግሬ ተሰብሯል፣ ያለሁት እዚህ ነው» ብሎ ቁጥር የላከ ሰው የትኛውን አጻጻፍ እንደተጠቀመ አብሮ ካልነገረ ግን ፈላጊዎቹ ሌላ ወረዳ ገብተው ሲጣሩ ይመሻል።

ከሁሉ በላይ የሚመሰገነው ግን ቀስቱን ማመኑ ነው። የእጅ ጂፒኤስ ላይ «ጎ ቱ» ብለው ራስ ዳሽንን ሲመርጡ ቀስቱ ቀጥ ብሎ ያመለክታል። ርቀቱን የሚለካው በአየር ላይ ነው፤ የመድረሻ ሰዓቱን የሚገምተው አሁን በሚራመዱት ፍጥነት ነው። ጀግናችን ቸነቅ ካምፕ አጠገብ ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ሆኖ ያየውና «ለምሳ እንደርሳለን» ብሎ ያውጃል። ቀስቱ ያልነገረው ነገር አለ። መንገዱ የቧሂትን ማለፊያ 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ከተሻገረ በኋላ እስከ መሸሃ ወንዝ፣ ወደ 2,800 ሜትር ይወርዳል። ከዚያ አምቢቆ 3,200 ላይ ነው፤ እዚያ አድሮ ደግሞ እስከ ራስ ዳሽን ጫፍ፣ እስከ 4,550 መውጣት ይቀራል። 1,400 ሜትር ቁልቁለት፣ ከዚያ 1,750 ሜትር ዳገት። አሞራ ይህን ሁሉ አይመለከተውም፤ ቀስቱ የተሠራው ለአሞራ ነው። ለእግረኛ የሚሆነው በመታጠፊያው፣ በማለፊያውና በመሻገሪያው ሁሉ ዌይፖይንት (የቦታ ምልክት) ተክሎ በመንገድ ማያያዝ ነው። ለዚያ ግን ካርታውን ማታ ቁጭ ብሎ ማንበብ ስለሚያስፈልግ፣ ማታው ደግሞ የጫማው ፎቶ ስንት ላይክ እንዳገኘ የሚታይበት ስለሆነ፣ ጊዜ አልተገኘም።

ኮንቱሩስ? ስልኩ ላይ ያለው ኮንቱር፣ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዘው መስመር፣ በአብዛኛው የመጣው በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. አንድ የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን በራዳር ከለካው የመሬት ከፍታ ነው። የሚገኘው ቁጥር በየ30 ሜትሩ አንድ ነው። በሁለት ቁጥሮች መሀል ያለውን ኮምፒውተሩ ለስለስ አድርጎ ያያይዘዋል። ስለዚህ ሠላሳ አርባ ሜትር ቀጥ ብሎ የሚወርድ ገደል ስክሪኑ ላይ ደህና ቁልቁለት መስሎ ይወጣል። ስሜንን በመሰለ አገር፣ ገደሉ ሳይቋረጥ ለኪሎ ሜትሮች በሚሄድበት ጫፍ፣ ይህ ትልቅ ለስላሳነት ነው። መስመሮቹ ከተጠጋጉ ገደል አለ ብሎ መጠርጠር፣ ካልተጠጋጉም ጠጋ ብሎ በዓይን ማየት ለፈሪዎች ይቅር።

እዚህ ላይ የፓርኩ ስካውት፣ ታጣቂው ጠባቂ፣ ይመጣል። ፓርኩ ያለ ስካውት አያስገባም፤ ጀግናችንም ከፍሎ ይዞታል፤ ከፍሎ ያልሰማው ሰው ቢኖር እሱ ነው። ስካውቱ ጠብመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ ግራ ሲጠቁም ስልኩ ወደ ቀኝ ይላል። አጠገባቸው ገብስ የሚያጭዱ አዛውንት ቀና ይላሉ።

«ልጄ፣ በዚያ መውረጃ የለውም። ፍየልም አይወርድበት።»

«አባቴ፣ መንገዱን ጂፒኤሱ ነው እኮ የሚያሳየው።»

«እሱ ወርዶበት ያውቃል?»

እንዲህ ያለ ኋላ ቀር ጥያቄ መልስ አይገባውም። በእርግጥ ጥያቄውን ካርታው ላይ መጠየቅ ይቻል ነበር። የእነ ኦስማንድ ካርታ የሚቀዳበት የኦፕን ስትሪት ማፕ የእግር መንገዶች በጎ ፈቃደኞች የሣሏቸው ናቸው፤ አንዳንዱ ትራክ በእግር የተሄደ ነው፣ አንዳንዱ ከሳተላይት ፎቶ ላይ ተመልክተው የሣሉት ነው፣ አንዳንዱ በበጋ እንጂ ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ የማይታሰብ ነው። ፎቶው ላይ የእግር መንገድ የመሰለው መስመር የዝናብ ውኃ የቦረቦረው ሊሆን ይችላል። ያን ለይቶ የሚነግር ገብስ አጫጁ ነው። ግን አጫጁ አፕ የላቸውም።

መጥፋቱን ሲያውቅ የሚያደርገውም ያምራል። ቆሞ ይሽከረከራል። ጂፒኤስ ቆሞ ላለ ሰው አቅጣጫ አይሰጥም፤ አቅጣጫ የሚያወጣው ጥቂት ሜትር ሲራመዱ ነው፤ ቆሞ የሚሠራው የስልኩ ኮምፓስ ነው፤ እሱ ደግሞ በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እየሠሩ ካላስተካከሉት፣ ወይም የስልኩ ሽፋን ማግኔት ካለው፣ ሰሜንን ደቡብ ለማለት አያፍርም። ገደል ሥር ሲሆን የሳተላይቱ ሲግናል ከድንጋዩ እየተላተመ ስለሚመጣ ነጥቧ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ትዘላለች፤ ጀግናችንም አብሯት ይዘላል። በዙሪያዋ ያለው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ክብ «እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ነህ» እንደሚል፣ ክቡ ሲሰፋ ጥርጣሬው እንደሚሰፋ አያውቅም፤ ለጌጥ መስሎታል። ጠዋት መኪናው የቆመበትን ቦታ በአንድ ጣት ምልክት ቢያደርግ፣ ትራኩን መቅዳት ቢጀምር፣ አሁን «ትራክ ባክ» ብሎ በመጣበት ዱካ ይመለስ ነበር። መቅዳቱን ያስታወሰው ግን ከሰዓት በኋላ፣ ከጠፋ ወዲህ ነው። ዱካው በታማኝነት ወደ ጠፋበት ቦታ ይመልሰዋል።

ስካውቱ ባያወጣው ኖሮ የከፍታው ግኝት ይቀርብን ነበር። ራስ ዳሽን ላይ ስልኩ 4,587 ብሏላ! በጂፒኤስ የሚለካ ከፍታ ስህተቱ ከአግድሙ እንደሚበዛ፣ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ያለው መሣሪያም ጠዋት ጠዋት ከፍታው በሚታወቅ ቦታ ካልተስተካከለ አየሩ በተቀየረ ቁጥር በአንድ ሄክቶፓስካል የግፊት ለውጥ ከአሥር ሜትር በላይ እንደሚስት የሚያውቅ ሁሉ ዝም ቢል ይሻለዋል። ጀግናችን «የአገሪቱ መጻሕፍት ይታረሙ» ብሎ ለጥፏል፤ አስተያየቱም እየጎረፈ ነው።

ትራኩንም ለትውልድ ጭኖታል። ድንኳን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዳ ስላደረ፣ ነጥቧ በእንቅልፍ ሰዓት ወዲያና ወዲህ ስትንቀጠቀጥ ያካበተችው ኪሎ ሜትር አለበት። ገደሉ ጫፍ ላይ የተደረገው ክርክርም እንደ መታጠፊያ ተመዝግቧል። መቅዳቱን ማቆም ስለተረሳ እስከ ደባርቅ በሚኒባስ የተሄደውም አለበት፤ አማካይ ፍጥነቱ ማንም የማራቶን ሯጭ ዳገት ላይ የማይደርስበት ነው። ደረጃው «ቀላል፣ ለቤተሰብ የሚሆን» ይላል፤ ለመጪው ቅዳሜ የተመዘገቡትም ከወዲሁ አውርደውታል።