«ቁም» የሚባለው ማነው?

ዛሬ ገና ቁርስ ሳልቀምስ አንድ ጎረምሳ በሬን ቀጥቅጦ ወረቀት ዘረጋልኝ፣ «ጋሼ ይፈርሙ»። ምንድነው ስለው ጥጉ ጋ ያለው መስቀለኛ ላይ የ«ቁም» ታፔላ ይተከልልን ብሎ ሰፈሩ ማመልከቻ ሊያስገባ ነው አለኝ። ይሁን፣ ታፔላ አልጠላም። ግን አንደኛ ተራ ላይ የፈረመውን ሰው ሳይ ደሜ ፈላ። የእድራችን ዳኛ! ሞተሩ የወረደ አይሱዙውን እዛው መስቀለኛ ጥግ ላይ ጎማውን አውልቆ ድንጋይ ላይ ሰቅሎት፣ ፍየል ከስሩ እየተኛ፣ ከወዲህ የሚመጣ ሰው ከወዲያ የሚመጣውን ባጃጅ የሚያየው እግሩ ላይ ሊወጣበት ሲል ነው፣ እና አንደኛ ፈራሚው እሱ ነው። ከአይሱዙው ማዶ ደሞ ጫት ሻጯ ሸራዋን እስከ አስፋልቱ ወጥራለች። የቀረው ባዶ ቦታ ለታፔላው መሆኑ ነው መሰለኝ።

ደሞ የትኛው መስቀለኛ? ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር እኮ ነው ያለነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬ ሲደርስ ፈረንሳዮቹ መንገዱን በማስመሪያ አስምረው ነው የሠሩት፣ ትንሽ ከተራመድክ መስቀለኛ፣ ትንሽ ከተራመድክ መስቀለኛ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ መጋላ ሰፈር ስትገባ መንገዱ እንደፈለገ ስለሚጠማዘዝ ሁሉም ፈርቶ ቀስ ይላል፣ እኛ ጋ ግን ቀጥ ያለ ነገር ያየ ባጃጅ ሁሉ አውሮፕላን የሚያስነሳ ይመስለዋል።

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ይሄንኑ የትራፊክ ነገር ነው የተማረው፣ ደውዬ ስነግረው ሳቀብኝ። እነሱ ጋ ታፔላ በፊርማ ብዛት አይተከልም አለ፣ መመሪያ አለ። በነሱ 2009 ወጥቶ በ2023 በአዲስ የተተካው መመሪያ ላይ በአራቱም አቅጣጫ የሚያስቆም ታፔላ ይተከል አይተከል ሲባል ከሚታዩት ነገሮች አንዱ በ12 ወር ውስጥ ታፔላው ቢኖር ኖሮ ሊቀሩ የሚችሉ 5 ግጭቶች መመዝገባቸው ነበር፣ ሌላው ደሞ በዋናው መንገድ በቀን ውስጥ ለ8 ሰዓት ያህል በሰዓት በአማካይ 300 መኪና መግባቱ ነበር፣ ከጎን በኩል ደሞ እግረኛውም ሳይክሉም ተቆጥሮ 200። ፍጥነት ለማስቀነስ ብላችሁ ግን እንዳትተክሉ ይላል። ያለ ምክንያት የቆመ ታፔላ ሾፌሩ ይንቀዋል፣ አንዴ ከናቀው ደሞ የምር የሚያስፈልግበትም ቦታ ላይ ይንቀዋል። «መጀመሪያ ጥጉን የከለለ ነገር ካለ አንሱት አጎቴ» አለኝ። ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት።

ድሬ ላይ ደሞ ግጭት ማን ይመዘግባል? ሁለት ባጃጅ ሲላተሙ ሾፌሮቹ ወርደው ትንሽ ይጯጯሃሉ፣ ከኒሙ ዛፍ ስር ሽማግሌ ይነሳል፣ «አቦ ተዉት፣ የእንጀራ ነገር ነው» ይባላል፣ የመብራት መሰበሪያ ይከፋፈላሉ፣ አለቀ። እርቅ እንጂ መዝገብ የለንም። መኪና ልቁጠርም ብትል ከቀትር እስከ አስር ሰዓት በሙቀቱ ከተማው ዘግቶ ተኝቷል፣ የሚያልፈው ፍየል ብቻ ነው።

አይ፣ ውሸቴን ነው፣ የጫት መኪና ያልፋል። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ከአወዳይ የተጫነ ጫት እንዳይጠወልግ ተብሎ የሰው ልጅ ይጠውልግ? ደብተር የያዙ ሕፃናት የሚሻገሩበት መንገድ ላይ ክላክስ እየነፋ፣ ፍሬን የሚባል ነገር እንደሌለው ሲያልፍ እኮ ማንም «ኧረ በዛ» አይልም፣ ለምን ቢባል ግማሹ ሰፈር እሱኑ ነው የሚጠብቀው! ያ ሹፌር ታፔላ አይቶ ሊቆም? የምትለምኑት ማንን እንደሆነ እወቁ።

አባቴ የሚወዳት ተረት ነበረች፣ እኔም እወዳታለሁ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ»። ሰው ከተገጨ በኋላ ታፔላ የምንለምነውን ልክ ልካችንን የምትነግር ናት እላለሁ። ግን ይቺ ተረት ሐረር ላይ አትሠራም፣ የሐረር ጅብ መች ሄዶ ያውቃል? በጀጎል ግንብ ቀዳዳ ገብቶ ማታ ማታ በየጠባቡ መንገድ ይዞራል፣ ከግንቡ ውጪ ደሞ ሰውየው በስሙ እየጠራ ሥጋ በእንጨት ያጎርሰዋል። አንድ ማታ እንግዳ ይዤ ሄጄ ዓይኔ ያየውን ልንገራችሁ፣ አንደኛው ጅብ እስኪጎርስ ሌሎቹ ወደ ጎን ብለው ቆመው ነበር። ታፔላ የለም፣ ትራፊክ የለም! ስመለስ ድሬ መግቢያ ላይ ሁለት ሚኒባስ አፍ ለአፍ ገጥመው አንዱም ወደኋላ አልልም ብሎ መንገዱን ዘግተው ጠበቁኝ።

ቢተከልስ ደሞ በዚህ ፀሐይ ስንት ጊዜ ይቆያል? አሜሪካኖቹ ራሳቸው መጀመሪያ ዲትሮይት ላይ በነሱ 1915 ሲተክሉት ነጭ ነበር፣ ኋላ ስምንት ማዕዘን አደረጉት፣ ከዛ እስከ 1954 ድረስ ቢጫ ሆኖ ኖረ፣ ምክንያቱም ቀዩ ቀለም እየለቀቀ አስቸገረ። የነሱ ፀሐይ እንዲህ ካደረገ የድሬ ፀሐይ በሁለት ክረምት ነጭ ሰሌዳ ያደርገዋል፣ ከዛ የሞባይል ጥገና ማስታወቂያ ይለጠፍበታል።

መቆም አንችልም እንዳይባል ደሞ እንችላለን። «ወራጅ አለ» በልማ! ባጃጁ መስቀለኛው መሀል ላይ፣ ከኋላው አስር መኪና ይኑር፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ መልስም ይቆጥራል። ስለዚህ ችግሩ ፍሬን አይደለም። ሁላችንም ታፔላ የምንፈልገው ያኛው እንዲቆም ነው። ከዛ ደሞ ለጎረቤታችን ፊት ለፊት መናገር ያፈርነውን ነገር ብረት እንዲናገርልን። «አይሱዙህን አንሳ» ማለት ሁለት ቃል ነው፣ እኛ ግን ሁለት ገጽ ማመልከቻ ጻፍን።

ታዲያ አንተ ለምን አትነግረውም ትሉኛላችሁ። የእድር ዳኛ ነው ብያችኋለሁ እኮ፣ አንድ ጊዜ ቀብር አረፈድክ ብሎ የቀጣኝን ቅጣት እስካሁን አልረሳሁለትም፣ ቢሆንም ነገ ድንኳኑን የሚያስተክልልኝ እሱ ነው። ሸራውንስ? ጫት ሻጯ ጋ ዱቤ አለብኝ። ልጁ ደሞ እስክሪብቶውን ይዞ ቆሟል፣ ቡናው እየፈላ ነው። ፈረምኩ። ከሰውየው ስም ስር ግን አልፈረምኩም፣ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ ለብቻዬ ነው የፈረምኩት።