«ነገረ ፈጅ መሆን እረፍት ነው» ላላችሁት

ጽሑፋችሁ ከጥብቅና ቢሮ ወጥቶ የድርጅት ነገረ ፈጅ፣ ማለትም በደመወዝ የተቀጠረ የሕግ ባለሙያ፣ መሆን እረፍት ነው ይላል። ኧረ ተዉ! እኔ ባሕር ዳር ስድስት ዓመት ጥብቅና ቢሮ ሠርቼ አሁን የአንድ ድርጅት ነገረ ፈጅ ነኝ። ደመወዜ ቀኑን ጠብቆ ይገባል፣ እሱ እውነት ነው። ክፍያ ለመለመን ደንበኛ ጋ መደወልም ቀርቷል።

እረፍት ግን የለም። ቢሮ ሳለሁ ፋይሉ የሚደርሰኝ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነበር። አሁን ሲበላሽ ቁጭ ብዬ አያለሁ። በቀደም ጣና ዳር ቡና እየጠጣን የሰው ኃይል ኃላፊያችን «አንዱን ሠራተኛ ነገ ላሰናብተው ነው፣ ደብዳቤውን አዘጋጅልኝ» አለኝ። ጥፋቱን መቼ ነው ያወቃችሁት ስለው በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ሦስት ወር! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻለው ምክንያቱ ከታወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ነው። አይሆንም አልኩት። ይኸው እስካሁን አኩርፎኛል። ደንበኛዬ ቢሆን ኖሮ «ታዲያ ምን ይሻለኛል?» ይለኝ ነበር። አሁን ምሳ የምንበላው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሽሮው እንኳ አልወርድ ብሎኛል።

የሚናፍቀኝ ችሎት ነው። አሁንም እቀርባለሁ፣ ግን ሁሌ ለዚያው ለአንድ ባለጉዳይ። የድሮ ባልደረቦቼ ፍርድ ቤት በር ላይ ሲያዩኝ «ባለደመወዙ መጣ» ይሉኛል። ይበሉ። ደንበኛ ሲጠፋ ብድር የሚጠይቁኝ እነሱው ናቸው።