ከቡራዩ የመጣ አውቶቡስ ጳውሎስ ላይ ሰው ይጫን?

ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ደንብ አለ። ከከተማው ወሰን ውጭ ካለው ከናሳው ተነስቶ የከተማው ክፍል ወደሆነው ኩዊንስ የሚገባ አውቶቡስ በአብዛኛው ከተማው ውስጥ ያወርዳል እንጂ አይጭንም። ሲመለስ ይጭናል፣ ከወሰኑ በፊት ግን አያወርድም። የከተማውን ተሳፋሪ ለከተማው አውቶቡስ ተዉለት ነው ነገሩ።

እኛስ ጋ? ቡራዩ ዛሬ አዲስ አበባን የከበበው የኦሮሚያው ሸገር ከተማ ክፍል ነው፤ መንገዱን ለሚያይ ግን አዲስ አበባ የት ጋ እንዳለቀች አይታወቅም። ሁለት ሰዎች ተከራክረዋል። እሷ ቡራዩ እየኖረች መርካቶ ትሠራለች። እሳቸው ለዓመታት ስምሪት ላይ ሠርተዋል።

እሷ፦ እንዲህ ያለ ደንብ አይውጣብን። ጠዋት ከቡራዩ ስንነሳ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነው። አስኮ ላይ ብዙው ሰው ይወርዳል። አስራ ስምንት ማዞሪያ ስንደርስ ወንበሩ ባዶ፣ ውጭ ደግሞ ሰው ዝናብ እየወረደበት ቆሟል። ክረምት ላይ አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ የሐኪም ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ ገባች። ጳውሎስ ወረደች። በዚህ ደንብ ቢሆን ሹፌሩ አይቷት ማለፍ ነበረበት።

እሳቸው፦ ልጄ፣ አንቺ ጠዋቱን ነው ያየሽው። የኔ ነገር ማታው ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ መርካቶ የቡራዩ ሰልፍ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ጫፉ አይታይም። አውቶቡሱ ሲመጣ ጳውሎስ የሚወርደው ጎረምሳ ተጋፍቶ ይገባል፣ ቡራዩ የምትገባዋ አሮጊት ትቀራለች። እሱ እኮ አንበሳ አለለት፣ ታክሲ አለለት። ሹፌሩንም አውቀዋለሁ። መሀል ከተማ መጫን ከፈቀድሽለት ቡራዩ ድረስ ምን አስኬደው? ቆርጦ እየጫነ መርካቶና አስኮ ሲመላለስ ያመሻል። ታፔላው ቡራዩ ይላል፣ ጎማው አስኮን አያልፍም። ስንቱን ሹፌር ከሰልፍ አስወጥቻለሁ መሰለሽ!

እሷ፦ ጋሼ፣ መቁረጡ መቼ ቀረ? ሚኒባሱ የከተማው ነው፣ ታፔላም አለው፤ ሲመሽ ግን ይቆርጣል። የሚቆጣጠረው ስለሌለ ነው። ደግሞስ የከተማው አውቶቡስ ሰው አጥቶ ባዶውን ሲሄድ አይተው ያውቃሉ? በድጎማ የሚሄድ አውቶቡስ ነው። ምኑን ነው የምንጠብቅለት?

እሳቸው፦ ገቢውን ተይው፣ እሱ ላይ አልከራከርሽም። ወንበሩን ነው የምልሽ። እሺ፣ ጠዋት ሲገባ ይጫን። ማታ ሲወጣ ግን ከአስኮ ወዲህ የሚወርድ አይሳፈር።

እሷ፦ ማን ጠይቆ? ረዳቱ? ሁላችንም በሩ ላይ «ቡራዩ» እንላለን፣ ጳውሎስ ስንደርስ «ወራጅ አለ!»

እሳቸው፦ የቡራዩን ሂሳብ ይክፈላ! ጳውሎስም ቢወርድ ሙሉውን ካስከፈልሽው በማግስቱ ታክሲውን ይመርጣል።

እሷ፦ እሱስ ያስኬዳል። ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይቅር። ያኔ ጳውሎስ በር ላይ ታክሲም አንበሳም የለም፤ ያገኙት ላይ ነው የሚሳፈሩት።

እሳቸው፦ ከ2 ሰዓት በኋላማ የቡራዩውስ የት አለና ነው ልጄ?