ይድረስ ለክቡር ሸራ

ከጋቢናዬ ጀርባ፣ ተሳቢው ላይ ተጠቅልለው ለሚኖሩት፦

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከወገቤ፣ ከጣቶቼና ከቀኝ ጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። አንቱ የምልዎት ስለማከብርዎ አይደለም፤ ስለሚከብዱኝ ነው። በደረቁ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ያህላሉ። በረዶ የጠጡ ዕለት ስንት እንደሚመዝኑ ወገቤ ብቻ ነው የሚያውቀው። ብቻዎን ቢሆኑ ደግሞ ምናለ! አንድ ጭነት ጣውላ ለማልበስ ወንድምዎም አብረው ይመጣሉ።

ትውውቃችን የቆየ ነው። የተገናኘነው አፋር ላይ፣ በጅቡቲ መስመር ረዳት ሆኜ ስሠራ ነው። ሹፌሩ ሚሌ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻዩን ፉት እያለ «ግራውን ሳብ! ላልቷል!» ይለኛል። እኔ ማዳበሪያው ላይ ወጥቼ እርስዎን እስባለሁ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ እንደ ምጣድ ይፋጃሉ። ያኔ ነው ለራሴ የማልኩት። አንድ ቀን ሹፌር እሆናለሁ፤ ሸራ የሚባል ነገርም በእጄ አልነካም።

ሹፌርስ ሆንኩ። አሜሪካ መጥቼ መንጃ ፈቃዱን አወጣሁ። «ፍላትቤድ፣ ማለትም ጣሪያና ግድግዳ የሌለው ተሳቢ፣ ይሻላል፤ ክፍያው ደህና ነው» ሲሉኝ ዘልዬ ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኙን «ረዳቱስ?» ብዬ ጠየቅሁት። በጣቱ የመኪናውን መስታወት አሳየኝ። አየሁ። እኔው ነኝ።

ድራይ ቫን የሚባለውን፣ እንደ ሳጥን የተዘጋውን ተሳቢ የሚነዱ ጓደኞች አሉኝ። በር ይዘጋሉ፣ ይቆልፋሉ፣ ይሄዳሉ። ስንደዋወል «ምነው ታለከልካለህ?» ይሉኛል። ለእነሱ ምን ብዬ ላስረዳ።

እኔና እርስዎን የሚያጣላን ክረምት ነው። ክረምት ስል የሐምሌውን እንዳይመስልዎት፤ የዚህን አገሩን፣ የበረዶውን ነው። በሙቀት ጊዜ አልወቅስዎትም። እንደ እንጀራ ይተጣጠፋሉ፣ በ40 ደቂቃ ተላብሰው ያልቃሉ። ብርዱ ሲመጣ ግን ቆርቆሮ ይሆናሉ። እጥፋትዎ ውስጥ የተኛው በረዶ ሲሰበር እንደ መስታወት ስብርባሪ እጅጌዬ ውስጥ ይገባል። እርስዎን የማስርበት ባለመንጠቆ ላስቲክ ይደርቅና ስስበው እጄ ላይ ይበጠሳል፤ መንጠቆው ዓይኔን ለጥቂት ስቶኝ ያልፋል። ጓንቴን ዳሽቦርዱ ላይ፣ ማሞቂያው አፍ ላይ አደርቀዋለሁ። ጋቢናው የረጠበ ውሻ ውሻ ይሸታል። የማልበሻ ተብሎ 50 ዶላር ይጨመርልኛል፤ ሠላሳውን ጓንት ይበላዋል።

የሰሞኑ ግን ባሰ። ኦሪገን ጣውላ ጫንኩ፤ መድረሻው ዴንቨር አካባቢ። ጣውላው ከፋብሪካው ሲወጣ በላስቲክ ተጠቅልሏል። «ታዲያ ሸራው ለምን?» አልኩ። «ወረቀቱ ላይ ሸራ ይላል» ተባልኩ። ዛፉ እኮ ዕድሜ ልኩን የኦሪገን ዝናብ ሲወርድበት የኖረ ነው! ዣንጥላ የሚያስፈልገው ከሞተ በኋላ ነው እንዴ?

ጭነቱ ላይ ወጥቼ እርስዎን ስዘረጋ ነፋሱ ገባብዎት። የመርከብ ሸራ የሆኑ መሰለዎት መሰለኝ፤ ይዘውኝ ሊሄዱ ነበር። በሆዴ ተኝቼብዎት ነው የተረፍነው። ከታች አንዱ የፎርክሊፍት ሹፌር በስልኩ ሲቀርጸኝ አይቻለሁ። ሁለት ሰዓት ፈጀን። የመኪናው ሰዓት ቆጣሪ ደግሞ አይራራም። በ14 ሰዓት ውስጥ መንዳት የሚፈቀደው 11 ብቻ ነው፤ ከእርስዎ ጋር የታገልኩበትም ከዚያው ከ14ቱ ላይ ይቆረጣል። 50 ማይል ሳልሞላ ደግሞ ወርጄ ማሰሪያውን መፈተሽ አለብኝ፤ ሕግ ነው። ወረድኩ። ሦስት የማሰሪያ ላስቲክ በጥሰው ጠበቁኝ።

ዋዮሚንግ ስንደርስ ኢንተርስቴት 80 የሚባለው አውራ ጎዳና ተዘጋ። ከራውሊንስ እስከ ላራሚ ነፋስና በረዶ። ዕለቱ የገና ዋዜማ ነው። ቤቴ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ነው፤ መንገዱ ክፍት ቢሆን አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚቀረኝ። ራውሊንስ ቆምኩ። ሌሊቱን ሙሉ ጧ! ጧ! ጧ! ሲሉ አደሩ። ሁለት ጊዜ ወርጄ አሰርኩዎት። ባለቤቴ በቪዲዮ ደውላ ድስቱን ከፍታ አሳየችኝ።

«ፈረሰኛውን አስቀምጬልሃለሁ። ምንድን ነው እሱ የሚጮኸው?»

«ሸራው ነው።»

«ገናን ከእሱ ጋር ነው የምታከብረው?»

ምን ልበላት? አዎ፣ ከእሱ ጋር ነው። ከአንተ ጋር! አንተ የማትጠግብ፣ አንተ... ይቅርታ፣ እርስዎ።

መንገዱ ተከፍቶ ደረስን። ተረካቢው ጭነቱን ዞር ዞር ብሎ አየና «ይሄ እኮ ሸራ አያስፈልገውም ነበር» አለኝ። ምንም አልመለስኩም። እርስዎን ለማውረድና ለማጠፍ አንድ ሰዓት ተኩል ተንበረከክሁ። በረዶውን በእግሬ እየረገጥኩ፣ አየሩን በጉልበቴ እያስወጣሁ። እስከዚያ ጣውላው ወርዶ አለቀ። ቀና ብዬ ሳይ ግቢው መሃል ሜዳ ላይ ተደርድሯል። ጣሪያ የለው፣ ምን የለው። በረዶው እየጣለበት ነው።

እዚያው ቆሜ ሳየው ስልኬ ጮኸ። ጭነት የሚያገኝልኝ ዲስፓቸሩ ነው።

«ለነገ ብረት አግኝቼልሃለሁ፤ ክፍያው አሪፍ ነው።»

«ሸራ አለው?»

ዝም አለ። ጉሮሮውን ጠረገ።

እንግዲህ ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት እንገናኝ። እስከዚያ ግን፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ትንሽ ይድረቁ።

ረዳትዎ