የፓይክ ጥርስ በሰመር አይረግፍም

ወንድሜ፣ ስለ አሜሪካው ሚኒሶታ የፓይክ ዓሣ ማጥመድ ጉዞ «ጁላይን ተዉት፣ ፓይክ በሙቀት ጥርሱ ይረግፋል፣ ድዱን ስለሚያመው አይበላም» ብለሃል። ይህን ወሬ ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ልክ አይደለም።

ፓይክ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥርሶች አሉት። ዓመቱን ሙሉ አንዱ ሲወልቅ ሌላው ይተካል። ሁሉም በአንዴ የሚረግፉበት ወቅት የለም። ባለፈው ጁላይ የያዝኩት ፓይክ የፍላዬን (ዓሣ ማታለያ ላባ የታሰረበት መንጠቆዬን) ላባ ግጦ ግጦ ባዶ መንጠቆ ነው ያስቀረልኝ። መንጠቆውን በፒንሳ ሳወጣ ጣቴን ጫር አደረገኝ፣ ደሙ አልቆም አለ። ድዱን የሚያመው ዓሣ እንዲህ አያደርግም!

ታዲያ የት ይጠፋል? ነገሩ የውሃው ሙቀት ነው። በተለይ ትልልቆቹ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳሉ። ዳርቻው ሲሞቅ ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። ሜይ ላይ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ያገኘኸውን ፓይክ ጁላይ ላይ እዚያው ብትጠብቀው አይመጣም። ሰዉ ይህን አይቶ ነው «ጥርሱ ረገፈ» የሚለው።

ስለዚህ ምርጫ ካለህ የማጥመጃው ወቅት በሚከፈትበት በሜይ አጋማሽ ሂድ። የዓመት ፈቃድህ ጁላይ ላይ ከሆነም ጉዞህን አትሰርዝ። ጎህ ሳይቀድ ተነስ። የውሃ ውስጥ ሣሩ አልቆ ጥልቁ የሚጀምርበትን ጠርዝ ያዝ። የሚሰምጥ ክር ተጠቀም፤ 8 ወይም 9 ቁጥር የፍላይ ዘንግ (ቁጥሩ ዘንጉ የሚወረውረውን የክር ክብደት ያሳያል) ይበቃል። ከፍላዩ በፊት አጭር ሽቦ እሰር፣ አለበለዚያ ክሩን ይበጥሰዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ውሃው በጣም በሞቀበት ቀን አታጥምድ። ፓይኩ ታግሎ ይደክማል፣ ብትለቀውም ላይተርፍ ይችላል።