ስታርትአፕም ቢሆን ከአዋጁ ውጭ አይደለም

«ስታርትአፕ የተቀጠረ ሰው የዓመት ፈቃድም ጡረታም የለውም፤ ይህን የፈለገ ትልቅ ኩባንያ ይግባ» በሚል የተሰጠው ምክር መታረም ይገባዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የድርጅቱን ዕድሜም ሆነ የሠራተኞቹን ብዛት መስፈርት ስላላደረገ፣ አምስት ሰዎች አንድ ጠባብ ክፍል ተጋርተው የሚሠሩበት ጀማሪ ኩባንያም ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ከነደመወዙ የመስጠት፣ የሙከራ ጊዜውንም ከ60 የሥራ ቀናት ያለማስበለጥ ግዴታ አለበት። አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡት የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታም እንደዚሁ ነው። ይልቅስ መጠንቀቅ የሚያሻው ከማዕረግ ነው፤ አዋጁ የሥራ መሪዎችን ስለማይሸፍን፣ ስታርትአፖች ደመወዝ ሲያጥራቸው በልግስና የሚያድሉት «ዳይሬክተር» የሚል መጠሪያ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣንን ጭምር ይዞ ከመጣ፣ ተቀጣሪውን ከዚሁ ጥበቃ ሊያስወጣው ይችላል።