ከጓዳ አውጥታችሁ አስመዝግቧቸው

የመንዝና የተጉለት፣ የቡልጋና የመርሐቤቴ፣ የይፋትና የምንጃር ወገኖቼ፣ ዛሬ የምላችሁ ነገር ደስ አይልም። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የምታስገቧቸው ልጆች ጉዳይ ነው።

አገር ያውቀዋል። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲጠራ ዓይነ ስውሩ ልጅ ከመጋረጃው ኋላ ይደረጋል። መስማት የተሳናት ልጅ ውኃና እንጨት ስታመላልስ ትውላለች፤ እኩዮቿ ደብተር ይዘው በደጅ ሲያልፉ "እሷማ ምን ይሠራላታል" ይባላል። ለምን ሲሏችሁ መልሳችሁ ያው ነው፦ "የእግዜር ነገር ነው፣ ምን ይደረጋል።" በእግዜር ማመካኘት ይቀላል፤ ወጥቶ አይከራከራችሁማ!

እስቲ የእድራችሁን መዝገብ ግለጡት። የቤተሰቡ ስም ሁሉ ተጽፏል፤ የዚያም ልጅ ስም አለ። ቢሞት ድንኳን እንተክልለታለን፣ ሦስት ቀን እንቀመጥለታለን። የቀበሌው ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ግን ስሙን ፈልጋችሁ አታገኙትም። ለቀብሩ ያሰባችሁለትን ያህል ለፊደሉ አላሰባችሁለትም። ይህን በማለቴ የሚከፋ ካለ ይክፋው።

መደበቃችሁ የሚጎዳው የእናንተን ልጅ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት በየዓመቱ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በሚልከው ቅጽ ላይ አካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች በየዓይነታቸው የሚሞሉበት ቦታ አለ፦ ማየት የተሳናቸው፣ መስማት የተሳናቸው፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው፣ ሌሎችም። እናንተ ልጁን ስለደበቃችሁት ርዕሰ መምህሩ ዜሮ ይሞላል። ዜሮው ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ የልዩ ፍላጎት መምህር ይመደብልን፣ ዓይነ ስውር በጣቱ ዳስሶ ለሚያነበው ጽሑፍ የብሬል ወረቀት ይግባልን ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ለሌለ ተማሪ መምህር አይቀጠርም።

ሕግስ ሞልቷል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እነዚህን ልጆች አልዘነጋም። በ1998 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፣ በ2004 ተሻሻለ። አገሪቱ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም በጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ ትምህርት እንዳይገለል ይላል። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ የሚመች እንዲሆን አዟል። ታዲያ የመማሪያ ክፍል ሲሠራ ድንጋይ የተሸከምነው፣ ገንዘብ ያዋጣነው እኛው አይደለንም? በወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ስብሰባ ላይ "ለተሽከርካሪ ወንበር መውጫው በየት በኩል ነው?" ብሎ የጠየቀ ስንት ነው? ደረጃው ሲያልቅ ግን አጨብጭበናል።

መምህራን፣ እናንተንም አላልፋችሁም። አካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛውን ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ማስተማር፣ የምትሉት ልጁን ከኋላ አስቀምጦ መርሳት ከሆነ ስሙን ተዉት። የሒሳብ መምህር ሰሌዳውን እየጠቆመ "ይህ ከዚህ ሲቀነስ ይህ ይመጣል" ይላል። ዓይነ ስውሩ የትኛውን "ይህ" ይያዝ? የምትጽፉትን እየጻፋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ፊታችሁን ወደ ሰሌዳ አዙራችሁ አታስረዱ፤ ጆሮው የደከመ ልጅ የሚከተላችሁ ከንፈራችሁን እያየ ነው። በዚህ በብርዱ አገራችን ጆሯቸው እየመገለ ያደጉ፣ ጤና ጣቢያ ሳይታዩ ቆይተው መስማታቸው ሲቀንስ "ፈዛዛ" እየተባሉ ክፍል የደገሙ ልጆች አሉ። ፈዛዛው ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። የአማርኛ ብሬል እርግጥ ሌላ ነገር ነው፤ አናባቢውን ከተነባቢው ቀጥሎ ለብቻው ስለሚጽፍ እናንተ የምታውቁት ፊደል ዓይነት አይደለም፣ በአንድ ሰሞን ስብሰባም አይያዝም። የምልክት ቋንቋም እንዲሁ። የዚያን ሥልጠና ወረዳው ያምጣ። ጮክ ብሎ ለማንበብ ግን የወረዳ በጀት አይጠበቅም።

ይበልጥ የሚያሳፍረው ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራን የቅኔና የዜማ መምህራን ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ዳዊቱን በቃላቸው፣ ዜማውን በቃላቸው ይዘው፣ "የኔታ" ተብለው፣ ጉባኤ ዘርግተው አስተምረዋል። ተማሪው በትር ይዞ እየመራቸው ይሄዳል፤ ማታ ደግሞ ቅኔውን ያርሙለታል። አያቶቻችን ወንበር ለሰጡት ሰው እኛ የክፍል አግዳሚ ነሳነው።

ልጆቻችሁን ሸንኮራ ዮሐንስ፣ ጻድቃኔ ማርያም ትወስዳላችሁ። ውሰዱ፤ በጸበሉ ላይ ክፉ ቃል የለኝም። "ይዳንና ይማራል" እያላችሁ 7 ዓመት የሞላውን ልጅ 12 እስኪሆነው ማቆየታችሁን ግን አልቀበልም። ክረምት ተጠምቆ መስከረም ላይ ትምህርት ቢገባ ቅዱሱ አይቀየመውም።

"ጤነኛውም ልጅ በጦርነቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ተቀምጧል" የሚለኝ አይጠፋም። በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸው እውነት ነው። ግን ሰላም በነበረ ጊዜስ እነዚህ ልጆች የት ነበሩ? ጦርነቱ ያላመጣውን ጥፋት በጦርነቱ አታሳብቡ።

ሴት ልጃችሁን "መንገድ ላይ ይደፍሩብኛል" ብላችሁ የምታስቀሩ፣ ፍርሃታችሁ ተገቢ ነው። እንግዲያው ከሰፈሩ ልጆች ጋር ትሂድ፣ የሚነካትንም ለፖሊስ አሳልፋችሁ ስጡ። በሽማግሌ እያድበሰበሳችሁ ስታስታርቁ ነው መንገዱን ያስፈራችሁት። ብቻዋን የምትውልበት ቤትም ቢሆን አይጠብቃትም።

የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ በምዝገባው ሰሞን መዝገባችሁን ይዛችሁ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሂዱ። ዕድሜው ለትምህርት የደረሰውን ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር በስም አመሳክሩ፤ የጎደለውን ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ አምጡ። ርዕሰ መምህሩ "የሠለጠነ መምህር ስለሌለን አንቀበልም" ካላችሁ በቃል መልስ ተሸኝታችሁ አትመለሱ፤ በጽሑፍ፣ ማኅተም ያረፈበት ይስጣችሁ። እሱን ይዛችሁ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግቡ፤ እዚያ ካልሆነ ደብረ ብርሃን፣ ዞን ትምህርት መምሪያ ድረስ ሂዱ። ስትሄዱም ሰብሰብ ብላችሁ ሂዱ፣ እናትየዋን ብቻዋን አትላኩ።